«እዚያ የገባ አይወጣም»፦ የሆስፒታል ውጤት ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን የጋሼ ሆድ ተነፋ። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ሦስት ቀን ሙሉ ዝንጅብልና ጤና አዳም እየጠጡ «ይለቀኛል» ብለው ተኙ። አልለቀቃቸውም። በአራተኛው ቀን ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሆዳቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ ራጅ አየ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ጻፈ። አንጀታቸው ተጠማዟል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ አሁኑኑ ሂዱ አለ።

ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። ባለቤታቸው እትዬ ግን ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ንቅንቅ አልል አሉ።

«እዚያ የገባ አይወጣም ልጄ። ስንቱን ቀበርን።»

ያን ሰዓት የማስረዳት ጊዜ አልነበረም። «ግድ የለም እንሂድ» ብዬ አስገባኋቸው። ንግግራቸው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሐዋሳ ውስጥ ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አዳማም፣ ጅማም፣ ጎንደርም እንዲሁ ይባላል። ትልቅ ሆስፒታል ባለበት ሁሉ ይባላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ግን እዚሁ ሐዋሳ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ ለሚሠራ ጥናት ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካርድ ክፍል ገብቼ የታካሚ ካርድ አወጣለሁ፣ እያነበብኩ መጠይቅ እሞላለሁ። ጥናቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ የታከሙት ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ይህ የሕክምና ውጤት ጥናት ይባላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው እሱን ነው። ምክንያቱም «በዚህ ክፍል ከታከሙት ይህን ያህል በመቶው ሞቱ» የሚል ዜና ወይም የፌስቡክ ጽሑፍ ሲወጣ፣ ሰው ቁጥሩን ይዞ ከሆስፒታል ሲሸሽ አይቻለሁ። ሸሽቶም ሲሞት።

መጀመሪያ የእትዬን ነገር እንየው። እትዬ አልዋሹም። ገብተው ያልወጡ ሰዎችን በዓይናቸው አይተዋል፣ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ጥያቄው፣ ያ ሰው የሞተው እዚያ ስለገባ ነው ወይስ እዚያ የሚገባው ቀድሞውንም ለሞት የቀረበ ሰው ስለሆነ ነው?

የእኛን አገር የሪፈር መንገድ አስቡት። ጤና ኬላ ያቃተው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ያቃተው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል። እዚያም ያቃተው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። በየደረጃው ቀላሉ እየዳነ ይቀራል፣ ከባዱ ወደ ላይ ይወጣል። ሐዋሳ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ብዙዎቻችን ዛሬም በአጭሩ «ሪፈራል» የምንለው፣ ከሲዳማ ወረዳዎች ብቻ አይደለም ሰው የሚመጣለት። ከወላይታም፣ ከጌዴኦም፣ ከምዕራብ አርሲም ይመጣል። አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ከበንሳ ተነስታ እስክትደርስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ በር ላይ የሚደርሰው ሰው ከተራ ክሊኒክ በር ላይ ከሚደርሰው ጋር አንድ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኩት ነው። ሆስፒታል «ሀ» 100 ሰው አከመ እንበል። 90ዎቹ ቀለል ያለ፣ 10ሩ ከባድ ሕመም ነበራቸው። ከቀላሎቹ 2፣ ከከባዶቹ 5 ሞቱ። በድምሩ 7። ሆስፒታል «ለ» ደግሞ እሱም 100 ሰው አከመ፤ 20 ቀላል፣ 80 ከባድ። ከቀላሎቹ ማንም አልሞተም፣ ከከባዶቹ 24 ሞቱ። በድምሩ 24።

ጋዜጣ ላይ ቢወጣ «በሆስፒታል ለ የሚሞተው ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ያ ነው። አሁን ከፋፍላችሁ እዩት። ከባድ ሕመም ይዞ «ሀ» የገባ ሰው ግማሽ በግማሽ ነው የሚሞተው። «ለ» የገባው ግን ከ10 ሰው 3። ቀላል ሕመም ላለውም «ለ» ይሻላል። ማለትም «ለ» በሁሉም ይበልጣል፤ ስሙ ግን «እዚያ የገባ አይወጣም» ይሆናል። ከባዱን ስለተቀበለ ብቻ።

ስለዚህ ጥሩ ጥናት ጥሬውን ቁጥር ሰጥቶ አይሄድም። ዕድሜን፣ የሕመሙን ክብደት፣ ሰውየው ከታመመ በስንተኛው ቀን እንደመጣ፣ ሌላ በሽታ እንዳለበት እየለየ ያስተካክላል። ጥናት ስታነቡ «የተስተካከለ» የሚል ቃል ካያችሁ ይህን ለማለት ነው። ጋሼ ሦስት ቀን ቤት መቆየታቸው ራሱ ቁጥር ነው፣ መግባት አለበት።

ግን የሰፈር ወሬ ሁልጊዜ ተሳስቷል ብዬ ማለፍ አልችልም። አንዳንዴ እናቶች ከፕሮፌሰሮቹ ቀድመው ያውቃሉ።

በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪየና ከተማ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ያዋልዳሉ፣ በሁለተኛው አዋላጆች። በመጀመሪያው ክፍል ከ100 ወላዶች ወደ 10 የሚጠጉት በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። በሁለተኛው 4 ገደማ። የከተማው ሴቶች ይህን ያውቁ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ደረሰሽ ሲባሉ እያለቀሱ «እባካችሁ ወደዚያኛው» ብለው ይለምኑ ነበር። ልክ እንደ እትዬ።

ኢግናዝ ሴመልዌይስ የተባለ ሐኪም ነገሩን ያዘው። ወደ ሁለቱ ክፍሎች የሚገቡት ሴቶች በየቀኑ ተራ ነበር የሚመደቡት፤ ዛሬ የመጣች እዚህ፣ ነገ የመጣች እዚያ። ስለዚህ «ከባዶቹ እዚህ ስለሚላኩ ነው» ማለት አይቻልም። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ ክፍሉ ውስጥ ነው። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር፣ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ያዋልዱ ነበር። በ1847 ግንቦት አጋማሽ ላይ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር 18 በመቶ የደረሰው ሞት በሰኔ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው። ወሬው አንድ ነው፤ «እዚያ የገባች አትወጣም»። በአንዱ ቦታ ወሬው አሳሳች ነው፣ በሌላው ቦታ የእውነት ጩኸት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ማን እንደገባ ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ «ውጤት» ማለት ራሱ ምን ማለት ነው? እኔ ሥራውን ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳነ ወይም ሞተ። ካርዱ ላይ ታካሚው ሲወጣ የሚሞላ ቦታ አለ፤ ተሽሎታል፣ ለውጥ የለም፣ ሪፈር ተደርጓል፣ በራሱ ፈቃድ ፈርሞ ወጥቷል፣ ሞቷል። አንዱን አይቼ እገለብጣለሁ፣ አለቀ። እንደዚያ አልሆነም። ክፍሉ በተቀየረ ቁጥር የውጤት ትርጉምም ይቀየራል።

ቀዶ ሕክምናን ልውሰድ። አንድ ቀን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ካርድ ይዤ ነበር። በአራተኛው ቀን ወጥታለች። «ተሽሏታል» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማ። መጠይቄን ሞላሁና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ካርድ አነሳሁ። በድንገተኛ የገባች ሴት፣ የስፌቱ ቦታ መግል ይዟል፣ ትኩሳት አላት። ስሙን ሳነብ ቆም አልኩ። የጠዋቷ ሴት ናት። ቀበሌው አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ የወለደችበት ቀን አንድ። የካርድ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ሲፈለግ አልተገኘም መሰለኝ፣ አዲስ ወጥቶላታል። እኔ ባላስተውል ኖሮ ጥናቱ ውስጥ ሁለት ሰው ትሆን ነበር። አንዷ ድና የወጣች፣ ሌላዋ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቁስል የያዘች። ኦፕራሲዮኑ ክፍል ደግሞ ንጹሕ ነበር ይባል ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ «ተሽሏታል» የሚለውን ቃል እንደበፊቱ አላየሁትም። የወጣችበትን ቀን እንጂ መጨረሻዋን አይነግረኝም።

የቀዶ ሕክምና ጥናቶች 30 ቀን የሚሉት ለዚህ ነው። የኦፕራሲዮን ቁስል ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰውየው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ እስከ 30 ቀን ይቆጠራል። ብረት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር አካል ውስጥ ከገባ ደግሞ ለአንዳንድ ኦፕራሲዮኖች እስከ 90 ቀን። የእኛ ሰው ግን ስፌቱን የሚያስፈታው ቤቱ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። መግል ቢይዝ እዚያው ይታጠብለታል። ኦፕራሲዮን ያደረገው ሆስፒታል አያውቅም። ስለዚህ «በእኛ ሆስፒታል ኢንፌክሽን በጣም ትንሽ ነው» የሚል ቁጥር ስታዩ፣ እስከ ስንተኛው ቀን እንደተቆጠረ ጠይቁ። እስከ መውጫው በር ድረስ ብቻ የቆጠረ ሰው ያየው ግማሹን ነው።

ጨቅላ ሕፃናት ክፍልም ተመሳሳይ ችግር አለ። አንዱ ጥናት ሕፃኑ እስኪወጣ ይቆጥራል፣ ሌላው እስከ 28 ቀን። ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ዋጋ የለውም። እዚህ ክፍል ግን ልነግራችሁ የምጓጓለት አንድ ጥናት አለ። ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሕፃናትን ወዲያው ማሞቂያ ውስጥ ማስገባት፣ ሲረጋጉ ብቻ ለእናት መስጠት የተለመደ ነበር። በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በማላዊ፣ በታንዛንያና በሕንድ 3,211 ሕፃናት ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ግማሾቹ ከተወለዱ ጀምሮ ሳይረጋጉም እናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ሆነው ታከሙ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከእናት ገላ ካልተለዩት 12 በመቶ፣ ከሌሎቹ 15.7 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። አያቶቻችን ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብዬ አስባለሁ። እስከ 28 ቀን ባይቆጠር ኖሮ ደግሞ ይህን ሙሉ ልዩነት አናየውም ነበር።

የዓይን ሕክምና ላይ ሞት አይቆጠርም ማለት ይቻላል። የሚቆጠረው ማየት ነው፣ ወይም የተስተካከለው ነገር ተመልሶ መበላሸቱ። በትራኮማ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የዞረባቸው ሰዎች የዓይን ቆባቸው በትንሽ ኦፕራሲዮን ይስተካከልላቸዋል። ችግሩ ለብዙዎቹ ተመልሶ ይዞራል። ወላይታ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሙከራ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የዋጡት ሰዎች ላይ፣ የዓይን ቅባት ከተሰጣቸው ጋር ሲወዳደሩ የመመለሱ ነገር በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ከእኛ ሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ካሉ ገበሬዎች የተገኘ ዕውቀት ነው። ብዙ ሰው ጥናት ሁሉ ከፈረንጅ አገር የሚመጣ ይመስለዋል፤ አይደለም።

ቲቢ ክፍል ውጤትን በመሰየም ከሁሉም የጠራ ነው። «ዳነ» እና «ሕክምናውን ጨረሰ» እንኳ ይለያያሉ። ለዓመታት በተሠራበት ትርጉም ዳነ የሚባለው በመጨረሻው ወር አክታው ተመርምሮ ነጻ የሆነ፣ ከዚያ በፊትም ቢያንስ አንዴ ነጻ የታየ ነው። መድኃኒቱን ጨርሶ አክታው ካልታየ «ጨረሰ» ነው የሚባለው። ቀጥሎ ያልተሳካለት፣ የሞተ፣ የጠፋ፣ ውጤቱ ያልታወቀ አለ። ይህ ጥራት ነው ትልልቅ ንጽጽሮችን የሚያስችለው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሕክምናው 20 ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ኢትዮጵያ የተሳተፈችበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሙከራ ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደውን ከረጅሙ ጋር አወዳደረ። በሁለቱም ከ100 ሰው 79 ገደማ ጥሩ ውጤት አገኘ። ውጤቱ እኩል ከሆነ ደግሞ ታካሚው ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው የክኒንና የምልልስ ጊዜ ተረፈለት ማለት ነው።

አእምሮ ሕክምና ላይ ደግሞ ሰው የሚጠብቀው «ድምፅ መስማት አቆመ ወይ» የሚለውን ነው። ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ሰዎቹ ከአካባቢው ሕዝብ በእጥፍ ገደማ ይሞቱ ነበር። ከሞት ምክንያቶች ትልቁ ተላላፊ በሽታ ነበር። ሕመማቸው ጭንቅላታቸው ላይ ነው ተብሎ ትኩሳታቸውን፣ ሳላቸውን የሚያይላቸው ጠፋ። አእምሮው ላይ ብቻ የሚቆጥር ጥናት ይህን በጭራሽ አያየውም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ጋ ደረስን። የጠፉት ሰዎች።

ካርድ ላይ «ፈርሞ ወጥቷል» የሚል ሲገጥመኝ መጀመሪያ ላይ አላስብበትም ነበር። አንዲት ልምድ ያላት ሲስተር ናት ያስተማረችኝ። «እዚህ የፈረሙትን በደንብ አንብብ» አለችኝ፣ «ብዙዎቹ ወደ ቤት የሄዱት ለመዳን አይደለም»። እውነቷን ነው። ሐኪሙ ተስፋው ጠባብ መሆኑን ሲናገር ቤተሰብ ይመካከራል። እዚህ ከሚሞት ቤቱ ይሙት፣ ዘመድ አዝማድ ይየው፣ አስከሬን ለማጓጓዝ ያለውን ወጪም ማን ይችለዋል። ይፈርማሉ፣ መኪና ተከራይተው ይዘውት ይሄዳሉ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ቤቱ ያርፋል። በሆስፒታሉ መዝገብ ግን አልሞተም። ፈርሞ ወጥቷል።

ይህ ቁጥሩን ምን እንደሚያደርገው እዩ። እንደገና የፈጠርኩት ምሳሌ ነው። 100 ሰው ታከመ፣ 10 ሞተ፣ 20 ፈርሞ ወጣ ወይም ከቀጠሮ ጠፋ። የሞት ቁጥሩ ስንት ነው? አንዱ 10 በመቶ ይላል፣ ለ100 አካፍሎ። ሌላው «መጨረሻቸውን የማውቀው 80 ሰው ነው» ብሎ 12.5 በመቶ ይላል። የጠፉት ሁሉ ሞተው ከሆነ ደግሞ 30 በመቶ ነው። ከ10 እስከ 30! ሦስቱም ያንኑ ክፍል ነው የሚገልጹት። ስለዚህ እኔ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የሞተውን አይደለም፣ የጠፋውን ነው። ስንት እንደጠፋ ያልጻፈ ጥናት አላምንም።

የጠፋውን ለማግኘት ያለው መንገድ ስልክ ነው። ደውለናል። ግማሹ «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ጥሪ አይቀበልም» ነው። አንዳንዱ ቁጥር የባጃጅ ሾፌር ሆኖ ይገኛል፤ ታካሚውን ያመጣው ሰው የራሱን ሰጥቶ ነው። አንዴ የደወልኩለት ሰው ስልኩን ያነሳች ልጅ «አባዬ እኮ አርፏል» አለችኝ። ካርዱ ላይ «ተሽሎታል» ነበር የሚለው። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። «ነፍስ ይማር» ብዬ ብዙ ዝም አልኩ።

ሌላ የምትወዱት ነገር ላንሳ፤ ግሉኮስ። አገራችን ላይ ሰው ሆስፒታል ሄዶ ካልተሰቀለለት የታከመ አይመስለውም። «ምን አደረጉልህ?» «ሁለት ግሉኮስ ሰቀሉልኝ።» «እሰይ!» ሐኪሞችም ቢሆኑ በከባድ ኢንፌክሽን ራሱን ስቶ፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዞ ለመጣ ሕፃን ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር መስጠት ያድናል ብለው ያምኑ ነበር። ያመኑትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፈሳሹ ሲገባ ሕፃኑ ነቃ ይላል፣ እጁ ይሞቃል። ዓይን ያያል።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ባሉ 6 ሆስፒታሎች ይህ ተፈተነ። ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ያለባቸው 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ በዝግታ የተለመደው ብቻ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ዓለም ደነገጠ። በ48 ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ ያህል ሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። ጥናቱን የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎች ሙከራው ሳያልቅ አስቆሙት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ይህ ተቅማጥና ትውከት ፈሳሹን የጨረሰበትን ልጅ አይመለከትም። እነዚያ ልጆች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። ለእነሱ ፈሳሽ ሕይወት ነው።

ለምን ዕጣ? ዕጣ ባይኖር ሐኪሙ ማንን መርጦ ፈሳሽ ይሰጥ ነበር? የከፋውን። ከዚያ የከፉት ሲሞቱ «ሕመሙ ነው የገደላቸው» ይባላል። ዕጣ ሲወጣ ከባዱም ቀላሉም ወደ ሁለቱም ወገን ይበታተናል። የቪየናው የቀን ተራ በድንገት ያደረገውን ዕጣ ሆን ብሎ ያደርገዋል። ካርድ እየገለጡ የሚሠራ ጥናት ይህን ማድረግ አይችልም። እኛ የሠራነው እንዲያ ያለ ነበር። ጥያቄ ያነሳል እንጂ ይህ ያንን አመጣ ብሎ አይፈርድም። ካርድ እያየን «በአምቡላንስ የመጡት በብዛት ሞቱ» የሚል ነገር ብናገኝ አምቡላንስ ገደላቸው ማለት ነው? በእግሩ መራመድ ያቃተው ነው አምቡላንስ የሚጠራለት።

ስለ ቁጥር አጻጻፍ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ሞትን በግማሽ ቀነሰ» ሲባል ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ኦፕራሲዮን ከመጀመሩ በፊትና ሲያልቅ ቡድኑ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያረጋግጠው ባለ 19 ነጥብ ዝርዝር አለ። ትክክለኛው ሰው ነው? የትኛው ጎን ነው የሚቀደደው? ጨርቁ ተቆጥሯል? በ8 አገሮች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። «በግማሽ» ገደማ ነው፣ ትክክል። ከ1,000 ሰው 7 ሰው ማለትም ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለተኛውን ግን ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየዋል። በኋላ ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ዝርዝሩን ለሆስፒታሎቿ ግዴታ ስታደርግ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እኔ ምክንያቱ ይገባኛል ብዬ አስባለሁ። ወረቀት መሙላትና ቆሞ መጠየቅ አንድ አይደሉም። እኔም መጠይቅ ሞልቻለሁ፣ ሳይጠየቅ ምልክት ሲደረግበትም አይቻለሁ።

ምናልባት አንድ ቀን ዎርድ ተኝታችሁ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ይመጣና «ጥናት ላይ ይሳተፋሉ?» ይላችኋል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ምን ይደረግብኛል? ስሜ ይጻፋል? ተጨማሪ ደም ይወሰዳል? የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶታል? እምቢ ማለትም ትችላላችሁ፣ ሕክምናችሁ አይቀነስም። ጀምራችሁ መተውም ትችላላችሁ። እሺ ካላችሁ ግን አንድ ነገር በእኔ ሞት፤ የሚሠራ ስልክ ስጡ።

ጋሼ ያን ሌሊት ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ከአንጀታቸው የተበላሸው ተቆርጦ ወጣ። በ11ኛው ቀን ወጡ፣ ስፌቱን ሰፈር ጤና ጣቢያ አስፈቱ። ሲወጡ ነርሷ ስልክ ስትጠይቅ እትዬ የራሳቸውን፣ የልጃቸውን፣ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ቁጥር ሳይቀር አስመዘገቡ።

ከኦፕራሲዮኑ ወር ሊሞላ ሲል ስልካቸው ጮኸ። ግቢ ውስጥ ቡና እየጠጣን ነበር። ከሆስፒታል ነው፣ ጋሼ እንዴት ናቸው፣ ቁስሉ ደርቋል ወይ ይላል ልጁ። እትዬ ድምፁን ከፍ አድርገው ለሁላችንም አሰሙን።

«ደህና ነው፣ ይመስገን። ስፌቱ ከተፈታ በኋላ ግን ሦስት ቀን መግል ነበረው። ጤና ጣቢያ አጥበውለት፣ ክኒን ሰጥተውት ነው የደረቀው።»

«በስንተኛው ቀን ነበር እማማ?»

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከታኅሣሥ... ኧረ አይደለም፣ ከነሐሴ ሚካኤል ማግስት ነው። ጻፈው።»

ልጁ እየጻፈ መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አለ።